ስለ መብት ፖስት ማድረግ ለምታስቡ፦ ከሐዋሳ አንድ ኮፒ ቤት

ደብዳቤውን በመሀረብ ጠቅልላ ነበር ያመጣችው። በአራት ታጥፎ፣ ተፈትቶ፣ እንደገና ታጥፎ፣ መታጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሷል። «እቴ፣ ይቺን ኮፒ አድርጊልኝና ክስ ጻፉልኝ» አለችኝ። አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሠርታ ነው የተሰናበተችው። ደብዳቤው ምክንያት የሚባል ነገር የለውም፤ «ከዛሬ ጀምሮ» ብሎ ይጀምርና ማኅተም ላይ ያልቃል። ቀኑን አየሁት። ሰባት ወር አልፎታል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሐዋሳ ውስጥ ፍርድ ቤት አካባቢ ኮፒ ቤት አለኝ፤ ፎቶ ኮፒ፣ ታይፕ፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ። በሩ አጠገብ ራፖር የሚጽፉ አንድ አዛውንት ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው በእጅ ይጽፋሉ፣ እኔ እተይባለሁ። ዘጠኝ ዓመት የሰው አቤቱታ ስተይብ ሕጉ በጣቴ በኩል ገብቶኛል ማለት ይቻላል። የልጅቷን ደብዳቤ ቀን ሳይ ዝም አልኩ። ጋሼም ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ዝም አሉ።

ነገሩ ይርጋ ነው፤ ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት «ያለአግባብ ተባርሬአለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ» የሚል ሰው ከተሰናበተበት ቀን አንስቶ ያለው ጊዜ 3 ወር ነው። ያልተከፈለ ደሞዝ፣ ኦቨርታይም፣ ከስንብቱ ጋር የተያያዘ ክፍያ ለመጠየቅ ደግሞ 6 ወር። እሷን የሚያህል ጊዜ ለሠራ ሰው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባ ነበር፤ ያልተሰጠውም ክፍያውን ይጠይቃል። እሷ ግን ሁለቱም በር ተዘግቶባት ነው የመጣችው። ጋሼ «ይርጋውን እነሱ ካላነሱት ዳኛው በራሱ አያነሳውም፣ እንሞክረው» አሏት። ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው «ያነሱታል» አሉ።

አነሱት።

ያን ቀን ደብዳቤውን መልሳ በመሀረቡ እየጠቀለለች ያለችኝን ነገር እስካሁን አልረሳውም። «ሰባት ወር ሙሉ ሥራ ፈትቼ ስልኬ ላይ ነበርኩ። ቲክቶክ ላይ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሠርግ አይቻለሁ። ይህን ግን ማንም አልነገረኝም።»

ማታውኑ ገጽ ከፈትኩ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው፤ አሳፋሪ ናቸው። ፌስቡክ ላይ ሕገ መንግሥቱን ከአንቀጽ 14 ጀምሮ በተራ መለጠፍ ያዝኩ። ታይፕ ሥራዬ ስለሆነ አንድም የፊደል ስህተት የለውም፣ አንድም አንባቢም የለውም። አሥራ አራት ላይክ፣ ከነዚያ ሰባቱ የሥጋ ዘመዶቼ። የወንድሜ ሚስት «በርቺ እህቴ» ትላለች። አንድ ሰው አንቀጽ 25 ሥር ገብቶ «ጉርድ ፎቶ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ከሁሉም ኮሜንት የጠቀመኝ እሱ ነው።

ታኅሣሥ 1 ቀን ሲደርስ ደግሞ እንደ ሁሉም ሰው እጆች ወደ ላይ የተዘረጉበት ፖስተር ሠራሁ። ዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በ1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀበት ቀን ነው፤ ኢትዮጵያም ድምፃቸውን በድጋፍ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ነበረች። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ጻፍኩት። ነገር ግን ፖስተሬን አይታ «እና ነገ ጠዋት የት ልሂድ?» የምትል ሴት ብትኖር አንድም መልስ አልነበረበትም። ብዙዎቻችን የምንለጥፈው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ መብት እንዳለሽ ይነግርሻል፣ በየት በኩል እንደሚገባ አይነግርሽም።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዋናነት ለሱ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት ልጅ የአሠሪዋን መታወቂያ ኮፒ ልታስደርግ ተልካ መጣች። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። እጇ በሳሙናና በበረኪና ብዛት ተሰነጣጥቋል፤ ሳንቲሙን ስትቆጥርልኝ ጣቶቿን እንደ አሮጊት ነበር የምታጥፋቸው። ከገጠር ነው የመጣችው። ትምህርት ቤት አትሄድም። ደሞዟን አክስቷ ነው የምትቀበለው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። «ፎቶ ላንሳሽ?» አልኳት። «እሺ» አለች።

ያንን «እሺ» እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ያውም ሰው ቤት የምታገለግል፣ አዋቂ ሲጠይቃት ከ«እሺ» ሌላ ምን ልትል ነው? አሁን ሳስበው ያፍነኛል።

ፊቷን ብዥ አደረግኩት። ስሟን አልጻፍኩም። የሰፈሩን ስም ግን ጻፍኩ። የለበሰችው ሹራብም ከቤቱ ልጆች አንዱ ጠቦት የተወላት የትምህርት ቤት ሹራብ ነበር፤ አርማው እንዳለ ይታያል። እኔ አላየሁትም፤ ዓይኔ እጇ ላይ ነበር። ያቺን ሰፈር የሚያውቅ ሰው ግን ፊት አያስፈልገውም።

በማግስቱ ጠዋት ሼሩ ከሺህ አልፏል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሱቁን ሳልከፍት በረንዳው ላይ ቆሜ ቁጥሩ ሲጨምር አያለሁ። ኮሜንቱን ማንበብ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ለቅሶና እርግማን ነበር፤ ቀጥሎ «የየትኛው ብሔር ሰው ነው እንዲህ የሚያደርግ» ተጀመረ፤ ከዚያ ማን እንደሆኑ ማንም ሳያውቅ ሁለት ወገን ሆነው ይሰዳደባሉ። በመሀል አንዱ «ቤቱን አውቀዋለሁ» ብሎ የበሩን ቀለምና የሚገኝበትን መታጠፊያ ጻፈ። የጻፈው ቤት ልጅቷ ያለችበት አልነበረም። ሰው ሄዶ የዚያን ቤት በር ደብድቧል፤ ምንም የማያውቁ እናት ከነልጆቻቸው ተሰድበዋል። እኚያን ሴት በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። ቡና አፍልተው አጠጡኝ፤ ከስድብ ይልቅ የከበደኝ ያ ቡና ነው።

ትክክለኛው ቤት ያሉት ደግሞ ፖስቱን ከእኛ ቀድመው አይተውታል። እኔ ነገሩን ይዤ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ስሄድ የተቀበለችኝ ባለሙያ ሁሉንም በጥሞና ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ልጅቷ አሁን የት ናት?» ባለ ሱቁ ጎረቤት እንደነገረኝ በዚያው ቀን ከሰዓት መናኸሪያ ተወስዳለች። ወደ አክስቷ ይሁን፣ ወደ ሌላ ሰው ቤት ይሁን፣ የነገረኝ የለም። እኔ ለሕዝብ ያሳወቅሁ መስሎኝ ለአሠሪዎቿ ነበር ያሳወቅሁት። መጀመሪያ ቢሮ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ባለሙያዋ የምትሄድበት ቤት ይኖር ነበር።

ጋሼ ሁለት ቀን ምንም አላሉኝም። በሦስተኛው ቀን እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው «ልጄ» አሉ፤ «የሰው ጉዳይ ስጽፍ ሸመገልኩ። የባለጉዳይን ወረቀት በር ላይ ለጥፌ ግን አላውቅም።»

ገጹን ዘጋሁት። ሁለት ወር ያህል ምንም አልሠራሁም።

የመለሰኝ ምንድን ነው ካላችሁ፣ ያው የቀን ጉዳይ ነው። ሰዎች ጊዜው ካለፈ በኋላ መምጣታቸውን አላቆሙም። አንዱ በዘጠነኛ ወሩ፣ ሌላዋ በዓመቷ። ስለዚህ እንደገና ስጀምር አንድ ነገር ወሰንኩ፤ የሰው ታሪክ አልለጥፍም፣ ወረቀት ነው የምለጥፈው። ታሪክ የባለቤቱ ነው። ወረቀት ግን የሁላችንም አንድ ዓይነት ነው። የስንብት ደብዳቤ ናሙና እተይባለሁ፤ ሠራተኛው «ሀ»፣ ድርጅቱ «ለ»። ስልኬን በአምስት ደስጣ ወረቀት ላይ አስደግፌ እጄን ብቻ እቀርጻለሁ። ጣቴ ቀኑ ላይ ያርፋል። «ይህ ቀን ይታይሻል? ከዚህ ቀን ጀምረሽ ቁጠሪ።» አርባ ሰከንድ። ፊቴም አይታይም፣ የማንም ፊት አይታይም።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ብዙ ተጨንቄአለሁ። «ሰላም ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ሠራተኛ መብት እናወራለን» ብዬ ስጀምር ሰው ሦስት ሰከንድ ሳይቆይ ያልፈኛል፤ ቲክቶክ ራሱ ያሳያችኋል የት ላይ እንደሄዱ። «ከሥራ ከወጣሽ ስንት ቀን ሆነሽ?» ብዬ ስጀምር ግን የሚመለከታት ሴት ጣቷ ይቆማል። የማይመለከታት ትለፍ፤ እሷን አልፈልጋትም። ብዙ ቪው ያገኘሁባቸው ቪዲዮዎች ብዙ ሰው የረዳሁባቸው አይደሉም። በሦስት መቶ ቪው የቆመ አንድ ቪዲዮ አለኝ፣ አራት ሰው ደብዳቤውን ይዞ ሱቄ ድረስ መጥቷል።

ቋንቋውን ያስተካከለልኝ ደግሞ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ለወረቀት ሥራ የሚመላለስ ደንበኛዬ ነው፤ ቪዲዮዎቹን በሲዳምኛ እንዲቀዳልኝ ለመንኩትና ፈቀደ። ይርጋ የሚለው ላይ ስንደርስ ቆመ። «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ። አማርኛ አቀላጥፎ ነው የሚናገረው፤ ቃሉን ግን ሰምቶት አያውቅም። አስረዳሁት። «አሃ፣ በሩ የሚዘጋበት ቀን በይዋ!» አለ። የሲዳምኛውን ትተን የአማርኛውን ቪዲዮ እንደ አዲስ ቀዳሁት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ጽሑፍ መጀመሪያ ለሱ ነው የማነበው። «ስንብት» የሚለውን «መባረር»፣ «ተጠሪ» የሚለውን «የከሰስሽው ሰው» አስደርጎኛል። ጋሼ ይህን አይወዱትም፤ ቃሉ ክብሩን ያጣል ይላሉ። ፍርድ ቤት ስትገቢ ግን የምትሰሚው «ይርጋ»ን ስለሆነ መጨረሻ ላይ አንዴ እጠራዋለሁ። ለሁለቱም የሚሆን እርቅ ነው።

ሰዓትም ነገር ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተመረቀ ወዲህ ከተማችን ከየገጠሩ በመጡ ወጣት ሴቶች ተሞልታለች፤ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ከሦስቱ አንዷ ነች ፓኬጅ የምትገዛው፤ ሌሎቹ ከሷ ይወስዳሉ። ስለዚህ ቪዲዮው ከባድ ከሆነ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው አያልፍም። በቴሌግራም ትንሽ ሜጋባይት ያለውን ነው የምለቅቀው፤ አንዳንዴ ድምፁን ብቻ። የምለቅቀውም ማታ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሥራ ወጥተው፣ በልተው፣ ጋደም ሲሉ። ጠዋት የለጠፍኩት ነገር ማታ ላይ በሠርግና በዘፈን ተቀብሮ ነው የሚያገኙት።

ከሁሉ የበለጠ የተላለፈው የወሊድ ፈቃዱ ነው። ከመውለድ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን፣ ሁሉም ከደሞዝ ጋር። ቪዲዮው ውስጥ የግድግዳ ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ እያከበብኩ ነው የቆጠርኩት። የሚገርመው በብዛት የላኩልኝና የጠየቁኝ ባሎች ናቸው።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ስህተቴ፤ ይሄኛው ሰው አልጎዳም፣ ግን ሊጎዳ ይችል ነበር። ስለ 48 ሰዓት ቪዲዮ ሠራሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ይህን አልኩ። ያላልኩት ነገር «ከዚያስ?» የሚለውን ነው። አንድ አባት ልጃቸው ተይዞባቸው ቪዲዮውን በጎረቤት ስልክ አይተው፣ ሰዓቱን ከሌሊት ጀምረው ቆጥረው፣ ልክ ሲሞላ ጣቢያው በር ላይ ቆመው «ሞልቷል፣ ልቀቁልኝ» ብለዋል። ደግነቱ ተረኛው ረጋ ያለ ሰው ስለነበር አስቀምጦ አስረዳቸው፤ ልጁም በዚያው ጠዋት ችሎት ቀርቧል። ከዚያ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። «አንቺ ልጅ፣ 48 ሰዓት ሲሞላ ይለቀቃል አላልሽም?»

አላልኩም። ግን እሳቸው እንደዚያ ነው የሰሙት፤ ስህተቱ የእኔ ነው። 48ቱ ሰዓት ዳኛ ፊት ለመቅረብ እንጂ ለመለቀቅ አይደለም። ዳኛው በዋስ ሊለቀው ይችላል፤ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ደግሞ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ታስሮ ምርመራው የሚቀጥልበት ተጨማሪ ቀን፣ ሊሰጥ ይችላል፣ እሱም በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ የቆየ ሰው ካለ ቤተሰቡ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ቪዲዮውን ዝም ብዬ አላጠፋሁትም፤ ካጠፋሁት በየስልኩ የተቀመጠው እንዳለ ይቀራል። «ባለፈው የተናገርኩት ጎዶሎ ነበር» ብዬ በአዲስ ቪዲዮ ጀመርኩ። ይህን ማለት ያስፈራል፤ ሰው የሚንቅሽ ይመስልሻል። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄ የሚልክልኝ ሰው በዛ እንጂ አላነሰም። ካሜራ ፊት ከመቆሜ በፊት አሁን አንድ ወጣት ጠበቃ፣ ኮፒ ሲያስደርግ በነፃ እያሠራሁት፣ ጽሑፌን ያይልኛል። ከዚያ ባጃጁ። ጠበቃው እውነት መሆኑን፣ ሹፌሩ መሰማቱን።

ኢንቦክሱ ሌላ ዓለም ነው። የተገረፈ ጀርባ ፎቶ ይመጣል፤ «ለጥፊልኝ» ይላል። የማልለጥፈው ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ። ሐኪም ቤት ሂዶ ማስረጃ እንዲይዝ፣ ፎቶውን ለማንም ሳይልክ ቀኑን ጽፎ እንዲያስቀምጥ እነግረዋለሁ። አንዱ የቀድሞ ሚስቱን ስም ከነፎቶዋ ልኮ «መብቴን ነጥቃኛለች» አለ። አንድ የማላውቀው ሰው ደግሞ ስለ አንድ ሆቴል «ሠራተኛ ይበድላል» ብዬ እንድሠራ ብር ሊከፍለኝ ጠየቀ፤ በኋላ ሲጣራ መንገዱ ማዶ ያለው ሆቴል ሰው ነው። ተመልካች ሲኖርሽ ድምፅሽን የሚከራይ እንደማይጠፋ ያን ቀን ነው የገባኝ።

ሕጉንም እወቁት፤ እናንተንም ይመለከታል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨን ሰው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ይቀጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያደርሰዋል። እኔ ተከታዬ አምስት ሺህ ሲጠጋ ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ነው የያዘኝ። «ሰማሁ» የሚለውን ቃል ያኔ ነው የተውኩት። ያላየሁትን ወረቀት አልጠቅስም። የድርጅት ስም አልጠራም፤ ስም የሚጠራበት ቦታ አለ፣ እሱም የክስ ማመልከቻው ላይ ነው። ኮሜንት ማታ ማታ አጸዳለሁ፤ ብሔር የተጠራበት ሁሉ፣ ደግፎም ይሁን ነቅፎ፣ ይወጣል። ከከተማ ውጭ ስሆን ኮሜንቱን እዘጋዋለሁ። የሚከፋው ይከፋዋል።

ስለ ስልክ ጥንቃቄ ብዙዎች ይጽፋሉ፤ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ቴሌግራም ላይ ቁጥርን መደበቅ፣ ሁለተኛ አድሚን፣ እሱን አድርጉ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ስልኬ ሳይሆን ኮምፒውተሬ ነው። አንድ ቀን ቦታ ሞላብኝና ስከፍተው ለሰው ስካን ያደረግኩት ሁሉ በአንድ ፎልደር ተከማችቶ አገኘሁት። የዓመታት መታወቂያ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የፍቺ ውሳኔ፣ የስንብት ደብዳቤ። ረዳቴ በፍላሽ ይዞት ቢወጣ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ስለ ሰው ክብር ቪዲዮ የምሠራው እኔ ነኝ እንግዲህ! አሁን ባለጉዳዩ ከመውጣቱ በፊት እያየ ነው ስካኑን የማጠፋው። «እዪው፣ ጠፋ» እላለሁ። አንዳንዷ ግራ ይገባታል።

ሰው የት ይሂድ ለሚለው፣ ከእያንዳንዱ ቪዲዮ በታች አንድ ቦታ ብቻ ነው የምጽፈው። ሦስት ቦታ ከጻፍክለት የትም አይሄድም። የሥራ ጉዳይ ከሆነ ሥራና ክህሎት፤ ሰዉ አሁንም «ሠራተኛና ማኅበራዊ» ነው የሚለው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ስም እጽፋለሁ። እዚያ የቀረበ አቤቱታ በጽሑፍ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ይርጋውን ያቆመዋል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ቀኑ ሊያልቅ ሦስት ቀን ለቀረው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ፍርድ ቤት ለሚሄድ ሠራተኛ በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ እንደማይጠየቅ እነግረዋለሁ። ውል አልፈረምኩም ብሎ የሚፈራ ሰውም መብቱን አያጣም፤ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መግለጫ ሊሰጠው ይገባ የነበረው እሱ ነው። የመንግሥት አካል የበደለው ሰው ከሆነ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እዚሁ ሐዋሳ ጽሕፈት ቤት አለው፤ አቤቱታ ለማቅረብ አይከፈልበትም። ቦታውን ከመጻፌ በፊት ራሴ እሄዳለሁ። ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ከምሳ በኋላ ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ በር ላይ ምን ይጠይቃሉ። አንዲት እናት ከአቶቴ ሁለት ባጃጅ ቀይራ የተዘጋ ቢሮ ካገኘች ሁለተኛ አትወጣም።

በዚህ ሳምንት አንድ ቪዲዮ ላይ ተይዣለሁ። ስለ ቤት ሠራተኞች ነው። ያቺን ልጅ ካጣኋት ወዲህ ስሸሸው የኖርኩት ርዕስ ነው። ችግሩ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይታይ ብሎ ነው ያለፋት። ስለዚህ «8 ሰዓት»፣ «ኦቨርታይም»፣ «3 ወር» የሚሉት የለመድኳቸው ቁጥሮች ሁሉ አይሠሩልኝም። የቀረኝ ሕገ መንግሥቱ ነው፤ አንቀጽ 18 በግዳጅ ማሠራትን ይከለክላል፣ አንቀጽ 36 ሕፃንን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። ይህን በአርባ ሰከንድ እንዴት እንደምናገር አላገኘሁትም።

ደግሞስ ለማን ነው የምናገረው? ልጅቷ ስልክ የላትም። የሚያያት ጎረቤት ነው፣ ባለ ሱቅ ነው፣ እንደ እኔ ያለች ኮፒ ቤት ነች። «ጎረቤትሽ ቤት ትምህርት ቤት የማትሄድ ልጅ አለች?» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ጥሩ መነሻ መሰለኝ። ባጃጁ ሰምቶ «ይሄን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ሄዶ መቅረጽ ነው» አለኝ። ልክ ነው። እኔ ራሴ ያደረግኩት ያንኑ ነው።

ትናንት ማታ ሱቁን ዘግተን አሥራ አንድ ጊዜ ቀዳሁት። የመጨረሻው «ስልክሽን አስቀምጪው» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ከዚያ ቢሮው የት እንደሆነ፣ ማንን እንደምትጠይቂ፣ ለሰፈር ሰው ምን እንደማትናገሪ። ጋሼ ጠረጴዛቸውን እያጠፉ ቆመው ሰሙት።

«ስልኳን ካስቀመጠች ቀሪውን በምን ታየዋለች?» አሉ።

አሥራ ሁለተኛውን ዛሬ እቀዳለሁ።